ሕግ አውራጃዎችን በደረጃ ሲመድብ

የሰው እጅ ጣቶች ርዝመታቸው እኩል እንዳልሆነ ሁሉ፤ በአንድ መንግሥት ሥር የሚተዳደሩ አውራጃዎችም በሕዝብ ብዛት፣ በሀብትና በስፋት እኩል ሊሆኑ አይችሉም። አንዱ ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ሲያስተዳድር ሌላው መቶ ሰው እንኳ የማይሞላበት አገር አለ። ሕግ ግን ሁሉን በአንድ ዐይን ማየት እንደሚገባው የታወቀ ነው። እኩል ላልሆኑት ሁሉ አንድ ዓይነት ሕግ ቢወጣላቸው፤ ለትልቁ የሚጠብበው ልብስ ለትንሹ ይሰፋዋል። ለእያንዳንዱም የየራሱ ሕግ ቢወጣለት፤ ሕግ መሆኑ ይቀርና ለወዳጅ ስጦታ፤ ለጠላት ቅጣት ይሆናል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል መንገድ ይገኝ እንደ ሆነ ለማወቅ፤ የአሜሪካ አንድነት መንግሥት ግዛቶች አውራጃዎቻቸውን በደረጃ ሲመድቡ የኖሩበትን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

አሜሪካኖች ካውንቲ የሚሉት የአስተዳደር ክፍል በእኛ ቋንቋ አውራጃ ከምንለው ጋር ስለሚቀራረብ፤ ከዚህ በታች አውራጃ እያልን እንጠራዋለን። ይህ ክፍል ከእንግሊዝ አገር የተወረሰ ነው። በ1634 ዓ.ም. የቨርጂኒያ ቅኝ ግዛት በእንግሊዝ አገር ልማድ በ8 አውራጃዎች ተከፍሎ ነበር፤ ሸሪፍ የሚባለውም ሹም ስሙና ሥራው ከዚያው ከእንግሊዝ የመጣ ነው። በሉዊዚያና ግዛት ይኸው ክፍል ፓሪሽ፤ በአላስካ ደግሞ ቦሮ ይባላል። በኮኔቲከት ግን የአውራጃ አስተዳደር በ1960 ዓ.ም. ፈጽሞ ተሽሯል፤ የቀረው ስሙና ወሰኑ ብቻ ነው።

በአገሪቱ በጠቅላላው ከ3,000 በላይ አውራጃዎች ይገኛሉ። ቴክሳስ ብቻውን 254 ሲኖሩት፤ ደላዌር ያለው 3 ብቻ ነው። በ2020 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በካሊፎርኒያ የሚገኘው የሎስ አንጀለስ አውራጃ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ሲቈጠርበት፤ በቴክሳስ የሚገኘው የለቪንግ አውራጃ የተገኘበት 64 ሰው ብቻ ነው። ሁለቱም በስም አውራጃዎች ናቸው። ሁለቱም የርስት መዝገብ ይጠብቃሉ፤ የመሬትና የቤት ግብር ይሰበስባሉ፤ መንገድ ይጠግናሉ፤ ምርጫ ያስፈጽማሉ። ነገር ግን ለ64 ሰው የሚበቃው የጽሕፈት ቤት አሠራር ለ10 ሚሊዮን ሰው እንደማይበቃ ለማንም ግልጽ ነው።

በአሜሪካ ፌዴራላዊ ሕገ መንግሥት ውስጥ ስለ አውራጃ የተጻፈ አንድ ቃል የለም። አውራጃ የግዛቱ መንግሥት ልጅ ነው፤ የሚፈጥረውም፣ ሥልጣን የሚሰጠውም፣ ወሰኑን የሚለውጠውም የግዛቱ ሕግ ነው። ይህን አሳብ አጥብቆ በመግለጽ ስሙ የታወቀው የአይዋ ግዛት ዳኛ ጆን ፎረስት ዲሎን ሲሆን፤ እርሱም በ1868 ዓ.ም. በተሰጠ ፍርድ የአካባቢ አስተዳደሮች ሥልጣናቸውን የሚያገኙት ከግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ብቻ መሆኑን አስረዳ። በግልጽ ያልተሰጣቸው ወይም ከተሰጣቸው ሥልጣን በግድ የማይከተል ነገር ሁሉ የእነርሱ አይደለም፤ ጥርጥርም ቢነሣ ጥርጥሩ በእነርሱ ላይ ይፈረዳል ማለት ነው። ይህም እስከ ዛሬ ድረስ የዲሎን ደንብ እየተባለ ይጠራል። በ1907 ዓ.ም. ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፤ የአሌጌኒ ከተማ ነዋሪዎች ከተማቸው ከፒትስበርግ ጋር መቀላቀሉን ተቃውመው ባቀረቡት ክርክር፤ ግዛቱ የአካባቢ አስተዳደሮቹን እንደ ፈቀደ ሊያደራጅ እንደሚችል ፈረደ።

ልጅ በአባቱ እጅ ሲሆን፤ አባት ልጆቹን ሁሉ በእኩል ይወድ እንደ ሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነበረው ታሪክ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ደስ የሚያሰኝ አይደለም። በዚያን ዘመን የግዛቶቹ ምክር ቤቶች አብዛኛውን ጊዜያቸውን ያጠፉ የነበሩት ጠቅላላ ሕግ በማውጣት ሳይሆን ልዩ ሕግ በማውጣት ነበር። አንዱ ሕግ ለአንድ አውራጃ ድልድይ ይፈቅዳል፤ ሌላው የአንድ አውራጃ ጸሐፊ ደመወዝ ይጨምራል፤ ሌላው የአንድ ሰው ስም ይለውጣል፤ ባልና ሚስት የሚያፋታ ሕግ እንኳ በምክር ቤት ይወጣ ነበር። አንድ የሕዝብ እንደራሴ ስለ አውራጃው ያቀረበውን ረቂቅ ሌሎቹ ሳይመረምሩ ያጸድቁለታል፤ እርሱም በፈንታው የእነርሱን ያጸድቃል። «ዛሬ ለእኔ፤ ነገ ለአንተ» የሚባለው አሠራር በምክር ቤት ውስጥ ሲነግሥ፤ ወዳጅ የሌለው አውራጃ ሁልጊዜ ከበር ውጭ ይቀራል።

ከዚህም ሁሉ የከፋው የባቡር ሐዲድ ነገር ነው። ምክር ቤቶቹ አውራጃዎች በስማቸው ዕዳ ገብተው የባቡር ኩባንያዎችን እንዲረዱ ፈቀዱ። በሚዙሪ ግዛት የሴንት ክሌር አውራጃ በ1870 ዓ.ም. ገደማ ለባቡር ሐዲድ የዕዳ ሰነድ አወጣ፤ ሐዲዱ ግን በተነገረው መሠረት አልተሠራም። ሰነዱን የገዙት ሰዎች ገንዘባቸውን በፌዴራል ፍርድ ቤት ጠየቁ፤ ፍርድ ቤቱም አውራጃው ግብር ጥሎ እንዲከፍል አዘዘ። ሕዝቡ ደግሞ ግብሩን እንዳይጥሉ ብሎ የመረጣቸው የአውራጃ ሹማምንት ትእዛዙን ባለመፈጸማቸው እስከ መታሰር ደረሱ። ባቡር ላላየ ገበሬ የባቡር ዕዳ ማውረስ ምን ያህል ግፍ እንደ ሆነ ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ አያሻም።

ስለዚህ ሕዝቡ በሕገ መንግሥቱ በኩል የምክር ቤቶቹን እጅ ማሰር ጀመረ። በ1851 ዓ.ም. ኦሃዮና ኢንዲያና፤ በ1874 ዓ.ም. ፔንሲልቫኒያ፤ በ1875 ዓ.ም. ሚዙሪ፤ በ1879 ዓ.ም. ካሊፎርኒያ ልዩና የአካባቢ ሕጎችን የሚከለክል ወይም የሚገድብ አንቀጽ በሕገ መንግሥታቸው ውስጥ አስገቡ። ዓላማው አጭርና ግልጽ ነበር፤ ሕግ የሚወጣ ከሆነ ለሁሉ ይውጣ፤ ለአንዱ ብቻ የሚወጣ ከሆነ ይቅር።

ነገር ግን በሽታው ቢታወቅም መድኃኒቱ ሌላ ችግር አመጣ። በፔንሲልቫኒያ አዲሱ ሕገ መንግሥት ሥራ ላይ በዋለበት በ1874 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ከተሞችን በሦስት ደረጃዎች መደበ። ከ300,000 በላይ ሕዝብ ያለው ከተማ አንደኛ ደረጃ፤ ከ100,000 እስከ 300,000 ያለው ሁለተኛ ደረጃ፤ ከዚያ በታች እስከ 10,000 ያለው ሦስተኛ ደረጃ ሆነ። በአንደኛው ደረጃ የተገኘው ፊላደልፊያ ብቻ ነበር። ይህ በሌላ ስም የመጣ ልዩ ሕግ ነው ተብሎ ክርክር ሲነሣ፤ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1875 ዓ.ም. ምደባው ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይጋጭም ብሎ ፈረደ። ምክንያቱም ምደባ ባይፈቀድ ኖሮ ለታላቂቱ ከተማ የሚያስፈልገው ደንብ ሁሉ በትንንሾቹ ላይ ይጫን ነበር። ደግሞም ዛሬ በአንደኛው ደረጃ አንድ ከተማ ብቻ ቢገኝም፤ ነገ ሌላው አድጎ ሊገባበት ይችላል፤ በሩ ክፍት ነው።

ይህ የክፍት በር አሳብ ለጕዳዩ ሁሉ ቁልፍ ነው። እንዲህ ያለ ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ግን የምክር ቤቱ ሰዎች በክፍት በር ስም ብዙ የተዘጉ በሮች መሥራት ጀመሩ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በዚያው በፔንሲልቫኒያ አንድ ሕግ ወጣ፤ ሕጉም ከ60,000 በላይ ሕዝብ ባለው አውራጃ ውስጥ፤ ሕጉ በወጣበት ጊዜ ከ8,000 በላይ ሕዝብ ያለው ከተማ ቢኖር፤ ያም ከተማ ከአውራጃው ዋና ከተማ ከ27 ማይል በላይ ቢርቅ፤ ችሎት በዚያ ከተማ ጭምር ይዋል የሚል ነው። በግዛቱ ውስጥ ይህን ሁሉ የሚያሟላው የክሮፎርድ አውራጃና በውስጡ ያለው የታይተስቪል ከተማ ብቻ ነበር። ስሙ አልተጠራም እንጂ መልኩ ሁሉ ተሥሏል። ፍርድ ቤቱም ይህን ሕግ አልተቀበለውም፤ እንዲህ ያለው መደብ ለሌላው በሩን አጥብቆ የሚዘጋ ነውና።

በኦሃዮ ደግሞ ከተሞች በየደረጃውና በየንዑስ ደረጃው ሲከፋፈሉ፤ በመጨረሻ ትልልቆቹ ከተሞች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው አንድ መደብ እስኪይዙ ድረስ ተደረሰ። በ1902 ዓ.ም. የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለብዙ ዓመታት ሲታገሥ የቆየውን ይህን አሠራር አፈረሰው፤ ምክር ቤቱም በዚያው ዓመት ለከተሞች ሁሉ አዲስ ሕግ ለማውጣት ተገደደ። በካሊፎርኒያ የ1879 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የሹማምንት ደመወዝ በሥራቸው ልክ እንዲወሰን አውራጃዎችን በሕዝብ ብዛት መመደብን ፈቀደ። በዚያ ግዛት ያሉት አውራጃዎች 58 ናቸው፤ በሕጉ ውስጥ የተዘረዘሩትም ደረጃዎች 58 ናቸው። ከሎስ አንጀለስ ጀምሮ በተራራ መካከል እስካለው እስከ ትንሹ የአልፓይን አውራጃ ድረስ እያንዳንዱ የየራሱ ደረጃ አለው። ለያንዳንዱ ሰው በልኩ ልብስ ሰፍቶ «ይህ ለመላው ሕዝብ የተሰፋ ነው» እንደ ማለት ይቈጠራል።

ከዚህ ልምድ የተማረው የሚዙሪ ሕዝብ በ1945 ዓ.ም. ባጸደቀው ሕገ መንግሥት ውስጥ ሌላ መንገድ መረጠ። አውራጃዎች በጠቅላላ ሕግ በደረጃ ይመደቡ፤ የደረጃዎቹ ቍጥር ግን ከ4 አይብለጥ፤ በአንድ ደረጃ ያሉት ሁሉ አንድ ዓይነት ሥልጣንና አንድ ዓይነት ገደብ ይኑራቸው ተባለ። በሚዙሪ 114 አውራጃዎች ሲኖሩ፤ የሚመደቡትም እንደ ፔንሲልቫኒያ በሕዝብ ብዛት ሳይሆን ለግብር በተገመተው የሀብታቸው ዋጋ ነው። አንድ አውራጃ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የሚዛወረው የሀብቱ ግምት በአዲሱ ደረጃ ውስጥ ለ5 ተከታታይ ዓመታት ሲገኝ ብቻ ነው። የራሳቸውን ቻርተር ያጸደቁ ጥቂት አውራጃዎች ደግሞ ከእነዚህ ደረጃዎች ውጭ ይቆማሉ።

በፔንሲልቫኒያ ዛሬ 67ቱ አውራጃዎች በ9 መደቦች ይከፈላሉ። የሕዝቡ ቍጥር ቢቀንስም፤ መቀነሱ በሁለት ተከታታይ ቈጠራዎች እስኪረጋገጥ ድረስ አውራጃው ከደረጃው አይወርድም። ይህ ትንሽ የሚመስል ደንብ ታላቅ ጥበብ አለበት። ደረጃ በየዓመቱ የሚወጣና የሚወርድ ቢሆን፤ የመሥሪያ ቤቱ አቋም፣ የሹማምንቱ ቍጥርና የሚከፈላቸው ደመወዝ ሁሉ አብሮ ይናወጥ ነበር።

አንዳንድ አንባቢ ደረጃ ማለት ስም ብቻ አይደለምን ይል ይሆናል። ስም ብቻ ግን አይደለም። በመጀመሪያ ደረጃው የመሥሪያ ቤቱን አቋም ይወስናል። በፔንሲልቫኒያ በትንንሾቹ አውራጃዎች አንድ ሰው የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የኑዛዜ መዝገብና የርስት ውል መዝገብ ደርቦ ሲይዝ፤ በትልልቆቹ ለእያንዳንዱ ሥራ የተለየ ሹም ይመረጣል። ለባለጕዳይ ይህ ማለት በአንድ ጠረጴዛ ፊት መቆም ወይም በሦስት ጠረጴዛ መዞር ነው። ሁለተኛ ደረጃው ደመወዝን ይነካል። በዚያው ግዛት በ1971 ዓ.ም. ስለ አውራጃ ሹማምንት ደመወዝ የወጣው ሕግ ክፍያውን በየደረጃው ለያይቶ ደንግጓል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሁለት ሹማምንት በአውራጃቸው ደረጃ ምክንያት የተለያየ ደመወዝ ይቀበላሉ።

ሦስተኛውና ዋናው የሒሳብ ምርመራ ነው። በሚዙሪ ከፍ ያለ ደረጃ ያላቸው አውራጃዎች የራሳቸው ኦዲተር አላቸው። ከሦስተኛው ደረጃ አውራጃዎች አብዛኞቹ ግን ኦዲተር ስለሌላቸው፤ የግዛቱ ዋና ኦዲተር በአራት ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ሒሳባቸውን እንዲመረምር ሕግ ያዝዘዋል። እንግዲህ የመንገድ መጠገኛው ገንዘብ በትክክል መዋሉን የሚመረምር ዐይን በየቀኑ በአጠገብ መኖሩና በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ከሩቅ መምጣቱ የሚወሰነው በደረጃው ነው። ስለ ሕዝብ ገንዘብ የሚያስብ ሰው ሁሉ የልዩነቱን ክብደት ያውቀዋል።

በሚዙሪም ቢሆን አራቱ ደረጃዎች የምክር ቤቱን ብልሃት ፈጽመው አልገቱትም። አንድ ሕግ «ከ198,000 በላይና ከ199,200 በታች ሕዝብ ባለው የአንደኛ ደረጃ አውራጃ» ብሎ ተጻፈ፤ በዚህ ጠባብ ልክ ውስጥ የተገኘው የጄፈርሰን አውራጃ ብቻ ነበር። በ2006 ዓ.ም. የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህ ልዩ ሕግ ነው ብሎ ሻረው። የፍርዱም መንገድ ቀላል ነበር፤ ልኩ ጠባብ ከሆነ፣ በልኩ ውስጥ የሚገኘውም አንድ ብቻ ከሆነ፣ ከእርሱ በጥቂት የሚበልጡና የሚያንሱ መሰሎቹም ያለ ምክንያት ከውጭ የቀሩ እንደ ሆነ፤ ስሙ ባይጠራም ሕጉ ለአንዱ የተጻፈ ነው። በ2019 ዓ.ም. ግን ያው ፍርድ ቤት ይህን ሚዛን ትቶ፤ ለምደባው አሳማኝ ምክንያት እስከ ተገኘለት ድረስ ሕጉ ይጸናል ወደሚል ቀለል ያለ ሚዛን ተመለሰ። ይህን ለውጥ የምክር ቤትን ክብር መጠበቅ ነው የሚል አለ፤ በሩን እንደ ገና መገርበብ ነው የሚልም አለ። በእኔ አስተያየት ሁለተኛው አሳብ ይመዝናል። ምክንያት ለመፈለግ የተነሣ ምክር ቤት ምክንያት አጥቶ አያውቅምና፤ ሚዛኑ ምክንያትን ብቻ ሳይሆን የልኩን ጥበትም ቢያይ መልካም ነበር።

ከምደባ ሌላ ያለው መንገድ አውራጃው ቻርተር ጽፎ ራሱን እንዲያስተዳድር መፍቀድ ነው። ካሊፎርኒያ በ1911 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ ለአውራጃዎች ይህን መብት ሰጠ፤ የሎስ አንጀለስ አውራጃም በ1912 ዓ.ም. ያጸደቀው ቻርተር በ1913 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ሜሪላንድ በ1915 ዓ.ም. ተመሳሳይ መብት ፈቀደ፤ ከዚያ ግዛት አውራጃዎች ይህን ቻርተር በመጀመሪያ ያጸደቀው በ1948 ዓ.ም. የሞንትጎመሪ አውራጃ ነው። ቻርተር ለመጻፍ ላልፈለጉት አውራጃዎች ደግሞ በ1966 ዓ.ም. ሌላ ሥርዓት ተፈቀደ፤ ይህን የሚመርጡት አውራጃዎች ከ4 በማይበልጡ መደቦች ተከፍለው፤ ምክር ቤቱም ስለ እነርሱ ሕግ ሲያወጣ ለመደቡ በሙሉ እንዲያወጣ ሆነ።

ይህ ጕዳይ ለእኛ የሩቅ ወሬ ብቻ አይደለም። በሞንትጎመሪ አውራጃ በሲልቨር ስፕሪንግ፤ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶም በቨርጂኒያ የፌርፋክስ አውራጃ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ። ቻርተር ያለው የሞንትጎመሪ አውራጃ በ2013 ዓ.ም. የራሱን የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ አወጣ፤ በዚህም መሠረት በ2017 ዓ.ም. ዝቅተኛው ክፍያ በሰዓት 11 ዶላር ከ50 ሳንቲም ደረሰ። ቨርጂኒያ ግን የዲሎንን ደንብ አጥብቃ የያዘች ግዛት በመሆኗ፤ የፌርፋክስ አውራጃ ምንም ያህል ሕዝብና ሀብት ቢኖረው ከግዛቱ ፈቃድ ሳያገኝ እንዲህ ያለ ሕግ ማውጣት አይችልም፤ በዚያን ዓመት በቨርጂኒያ የነበረው ዝቅተኛ ክፍያ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነበር። ሁለት ወንድማማቾች በወንዙ በዚህና በዚያ ማዶ አንድ ዓይነት ሥራ በዝቅተኛው ክፍያ ቢሠሩ፤ በሰዓት የ4 ዶላር ከ25 ሳንቲም ልዩነት በመካከላቸው ይኖር ነበር። ይህን ልዩነት ያመጣው የአውራጃዎቹ ሀብት ወይም ድህነት ሳይሆን፤ ሕጋቸው ለአውራጃ የሰጠው ቦታ ነው።

ከተመለከትነው ታሪክ ሦስት ትምህርቶች ይገኛሉ። አንደኛ፤ የምደባው መለኪያ ከምደባው ዓላማ ጋር መስማማት አለበት። ስለ ደመወዝ ሲሆን የሥራው ብዛት፤ ስለ ወጪ ሲሆን የሀብቱ መጠን ይለካ እንጂ፤ የ27 ማይል ርቀት ለዳኝነት ሚዛን ሊሆን አይገባውም። ሁለተኛ፤ የመደቡ በር ለሚያድገውም ለሚቀንሰውም ክፍት ይሁን፤ መግባቱና መውጣቱም በጥድፊያ ሳይሆን በተረጋገጠ ቍጥር ይፈጸም። ሦስተኛ፤ የመደቦቹ ቍጥር ጥቂት ይሁን። መደቦቹ እንደ አውራጃዎቹ የበዙ እንደ ሆነ ጠቅላላ ሕግ የሚባለው ስም ብቻ ይቀራል።

በአገራችን አንድ ሰው «በሕግ አምላክ!» ሲባል የሚቆመው፤ ሕጉ ለጠሪውም ለተጠሪውም አንድ መሆኑን ስለሚያምን ነው። በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ «ይህ ደንብ ለትልልቆቹ፤ ይህ ለትንንሾቹ» እያለ የሚያረቅ ሠራተኛም መለኪያውን ከመጻፉ በፊት ራሱን አንድ ጊዜ ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ስሙ ሳይጻፍ ይህ ቍጥር የማንን መልክ ይሥላል? መልሱ የአንድ አውራጃ መልክ ብቻ ከሆነ፤ ረቂቁ ወደ ምክር ቤት ከመድረሱ አስቀድሞ ያን ቍጥር ሰርዞ እንደ ገና መጻፍ የእርሱ ፈንታ ነው።